ፊት የሌለው ልጥፍ

ካሣ ወረቀት የሚቀድደው በጥርሱ ነበር። ቀኝ ክንዱ ከክርኑ በላይ ኮሪያ ቀርቷል። መቀስ ደግሞ ባለ ሁለት እጅ ሰው ለባለ ሁለት እጅ ሰው የሠራው ነገር ስለሆነ ለካሣ ግራ እጅ አልታዘዝ አለ። ስለዚህ ወረቀቱን በጉልበቶቹ ይይዛል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ጥርሱን ያስገባል፣ ከዚያ ጫት እንደሚቅም ሰው በዝግታ ይቀነጥሰዋል። «የስኳር መጠቅለያው ሰማያዊ ወረቀት ይጣፍጣል፤ የሳሙናው ያቅለሸልሻል፤ የሲሚንቶ ከረጢት ግን ጥርስ ይፈጃል» ይል ነበር። ድሬዳዋ፣ መጋላ ገበያ ውስጥ ከልብስ ሰፊው ከኢስሃቅ ደጃፍ ተቀምጦ ሲጋራ በፍሬ ይሸጣል። ገበያ ሲቀዘቅዝ ይቀድዳል፣ ይለጥፋል።

የሚለጥፈው የሻይ ሣጥን ሳንቃ ላይ ነው። ከኢስሃቅ የስፌት መኪና ሥር የወደቀ ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ የባቡር ቲኬት፣ ቆርኪ፣ የሲጋራ ብልጭልጭ፣ ከጅቡቲ የመጣ የባሕር ዛጎል፣ የተሰበረ መስተዋት፣ ምኑ ቅጡ፤ ሁሉንም ከግራር በለቀመውና በውሃ ባሟሟው ሙጫ እያያዘ ባቡር ያወጣበታል፣ ግመል ያወጣበታል፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሰውና ፍየል አንድ ላይ ሲወስድ ያሳይበታል። አገሬው ሥዕል ማለት ወይ ቅዱስ ወይ ንጉሥ ነው ብሎ ስለተማረ የካሣን ሥራ ምን ብሎ እንደሚጠራው ቸገረው። መጨረሻ ላይ «ልጥፍ» አለውና ተገላገለ።

«አቦ ካሣ» ይለዋል ኢስሃቅ፣ መኪናውን እየረገጠ፤ «ሌላው ሰው ቁርጥራጭ ይጥላል፤ አንተ ራስህ ቁርጥራጭ ሆነህ ቁርጥራጭ ትለቅማለህ።»

«አንተስ ሙሉ ሰው ሆነህ ሁለት እግሩ እኩል የሆነ ሱሪ ሰፍተህ ታውቃለህ?»

«ደንበኞቼ አንካሶች ናቸው እንጂ!»

ካሣ ድሬዳዋን መርጦ አልመጣባትም። የሸዋ ልጅ ነው። ወደ ኮሪያ ሲሄዱ ባቡሩ በድሬዳዋ አልፏል። ያን ጊዜ ከተማው ጣቢያው ድረስ ወጥቶ እልል ብሎላቸዋል፤ ክራባት ያሰሩ ሰዎች ለዓለም ሰላም እንደሚዘምቱ ነግረዋቸዋል። የዓለም ሰላም የማን ልጅ እንደሆነች፣ ለምንስ ከመንዝና ከድሬዳዋው ገንደ ቆሬ ድረስ ጠባቂ እንዳስፈለጋት የነገራቸው የለም። ወታደር ናቸውና አልጠየቁም። ጥያቄ የክራባቶቹ ሥራ ነበር፤ እነሱም አልጠየቁም።

በዚያው ባቡር ላይ ከካሣ አጠገብ የተቀመጠው ዱዓሌ የሚባል የጉርጉራ ሶማሌ ልጅ ነበር፤ ገንደ ቆሬ ተወልዶ፣ ለባቡሩ ዕቃ ሲጭን አድጎ፣ አዲስ አበባ ሄዶ የተቀጠረ። ድሬዳዋ ሲደርሱ በመስኮት ተንጠልጥሎ «ሆዮ! ሆዮ!» እያለ እናቱን ሲጣራ ባቡሩ ይዞት ሄደ። በኋላ ኮሪያ ውስጥ፣ ስም እንኳ የሌለውና ቁጥር ብቻ የተሰጠው ኮረብታ ላይ፣ አንድ መድፍ ለሁለቱም ደረሳቸው። ከካሣ ክንዱን ወሰደ። ከዱዓሌ ፊቱንና ነፍሱን ወሰደ። ካሣ በቀረችው እጁ ከዱዓሌ ኪስ መቁጠሪያውን አወጣ። ሲመለስ ባቡሩ እንደ ልማዱ ድሬዳዋ አደረ፤ ካሣ መቁጠሪያውን ለእናትየው ሰጥቶ ለመመለስ ወረደ። ጠዋት ባቡሩ ያለ እሱ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አልተሳፈረም።

እናትየው ሳሕራ ትባላለች። ባሏ የሞተባት፣ ወተት እያመጣች ገንደ ቆሬ የምትሸጥ፣ ድምፅዋ ከገበያው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ ሴት ናት። ካሣ መንገዱን ሙሉ ሲያጠናው የመጣው ንግግር ነበረው፤ ክብርም፣ ጀግንነትም፣ ሰንደቅ ዓላማም ያለበት። ሳሕራ መቁጠሪያውን ተቀበለችና አሸተተችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ፊቱ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር» አለ ካሣ። ንግግሩ እዚያው ቀረ።

እሷ ቤት ወተት ሲጠጣ፣ ለእሷ ውሃ ሲያስቀዳ፣ ከርሞ ከርሞ «ሆዮ» ይላት ጀመር፤ በነሱ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። አንድ ቀን ሳሕራ ኢስሃቅ ደጃፍ ቆማ የካሣን ልጥፎች አንድ በአንድ ስታይ ቆየችና፣

«ለኔም ሥራልኝ» አለችው፤ «ዱዓሌን። ግን ፊት አታድርግበት።»

«ለምን?»

«ፊት ያለው ሥዕል ያለበት ቤት መላእክት አይገባም። እኔ ብቻዬን ነኝ። መላእክትም ካልመጣ ማን ይመጣልኛል?»

ካሣ ፈጣሪውን አመሰገነ። የዱዓሌን ፊት ሥራ ብትለው ኖሮ የሚያስታውሰው ያንን የመጨረሻውን ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ የትኛውም ሳንቃ አይችለውም።

ለዚህ ልጥፍ ያልቀደደው ነገር የለም። ሰማዩን ከስኳር ወረቀት፣ ኮረብታውን ከሲሚንቶ ከረጢት፣ ጫማውን ከባቡር ቲኬት፣ በረዶውን ከሆስፒታል ጥጥ ሠራው። ካፖርቱን ከራሱ የወታደር ብርድ ልብስ ቀዶ አለበሰው፤ ከዚያ ወዲያ ዓመቱን ሙሉ ራሱ የደረበው ጎኑ የተቀደደ ብርድ ልብስ ነበር። ሳሕራ መቁጠሪያውን መልሳ ሰጠችው፤ በዱዓሌ እጅ ላይ ለጠፈው። ዱዓሌ ቁርኣን ቤት ሲገባ የለበሳትን የአቡጀዲ ሸሚዝም ከሣጥን አወጣች፤ ከሷ እንቁላል የምታህል ቀደደና ፊቱ በሚሆንበት ቦታ ላይ ባዶዋን አደረጋት። በቃ። ነጭ ጨርቅ። አፍንጫ የለ፣ ዓይን የለ። ሳሕራ አየችውና፣

«እሱ ነው» አለች፤ «አንገቱን እንዲህ ነበር የሚያደርገው።»

ስትሰግድ ከጀርባዋ በሚሆነው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ጠዋት ጠዋት ወተቷን እየለካች ታዋራዋለች። «ዱዓሌ፣ ዛሬ ወተቱን ውሃ አብዝተውብኛል፣ ሌባ ሁላ!» ትለዋለች። ጎረቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያይ ይስቃል፣ ሁለተኛ ሲያይ ዝም ይላል፣ ሦስተኛ ሲመጣ «ዱዓሌ እንዴት አደርክ» ብሎ ይገባል። የዱዓሌ ሬሳ የት እንደተቀበረ ለማታውቅ እናት ያለው መቃብር ይኸው ሳንቃ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢቀር መልካም ነበር። ግን አገሩ መልካም ነገር አይቶ ዝም የማይል ኮሚቴ ሞልቶበታል።

የዘውዱ ኢዮቤልዩ ደረሰና ለከተማው በዓል ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ግራዝማች ኃይለጊዮርጊስ ናቸው። ግራዝማችነቱን ያገኙት በየትኛው ጦር ሜዳ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ ያ ሰው ለከተማው እንግዳ ነው። በጣሊያን ጊዜ ለጣሊያን እንዳጨበጨቡ የሚናገሩ ሽማግሌዎች አሉ። ጣሊያን ሲወጣ ደግሞ ላስወጡት አጨበጨቡ። የእጃቸው መዳፍ የከተማው ታሪክ የተጻፈበት ነው፤ ማንም ሥልጣን በዚያ መዳፍ ሳይባረክ ድሬዳዋ አልገባም። እኚህ ሰው ለበዓሉ አዳራሽ «የሠራዊቱን ገድል የሚያሳይ ነገር» ሲፈልጉ ስለ ልጥፉ ሰሙና፣ ጃንጥላ አስይዘው መጋላ ወረዱ።

«ኮሪያ ዘማቹ አንተ ነህ?»

«ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ቁጭ ብለህ ነው የምትመልስልኝ?»

ካሣ ተነሣ። ከጭኑ ላይ ቆርኪው ሁሉ ረገፈ።

«አንድ የዘማች ሥዕል አለህ አሉኝ። ለበዓሉ እንፈልገዋለን።»

«የኔ አይደለም። የሟቹ እናት፣ የሆዮ ሳሕራ ነው።»

«እናትም አለችው!» አሉ ግራዝማች፣ ለድግስ የጎደለ ዕቃ እንደተገኘላቸው ሁሉ። «እሰይ። እሷም ትጠራለች።»

ካሣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ስሙ ይነበባል?»

«የማን?»

«የሟቹ። የዱዓሌ።»

«በማይክራፎን ይነበባል!»

ይኼን ጊዜ ኢስሃቅ መኪናውን አቆመ። ድሬዳዋ አንቱታ አታውቅም፤ ኢስሃቅ ደግሞ ለማንም ብሎ ሊማር አላሰበም። «ወሪያ፣ ግራዝማች፣ ዕቃው ተመልሶ ይመጣል?»

«አንተ ማን ነህና ነው የምትጠይቀኝ?»

«ልብስ ሰፊ ነኛ! የሰው ዕቃ ወስዶ ዛሬ ነገ ማለት ሙያዬ ነው፤ ለዚህ ነው የጠየቅኩህ።»

«ይመለሳል» አሉ ግራዝማች፣ ኢስሃቅን ሳይሆን ጃንጥላውን እያዩ። «ቃሌ ነው።»

ሳሕራ ነገሩን ስትሰማ ወተት መለኪያዋን አስቀመጠች።

«እኔ በየቀኑ እጠራው የለም እንዴ? ማይክራፎን ለምኔ ነው?»

«ሆዮ፣ ባለሥልጣን ሁሉ ቆሞ ይሰማል። ከተማው ይሰማል።»

«ከተማው? ከተማው ሲሄድ እልል አለ። ሲሞት ዝም አለ። አሁን ደግሞ ምን ሊል ነው?»

«እኔ ነኝ የምፈልገው» አለ ካሣ። «እኔ ስለ ዱዓሌ ስናገር ሲጋራ ሻጭ ነው የሚያወራው። ጠጥቶ ነው ይላሉ። አንድ ቀን፣ አንድ የሚሰሙት ሰው፣ ጮክ ብሎ ይበለው። ከዚያ በኋላ ዝም እላለሁ።»

ሳሕራ ልጥፉን አየችው፤ ካሣን አየችው።

«ውሰደው። ግን እንዳለ አምጣልኝ። ሰማህ? እንዳለ!»

«እንዳለ አመጣዋለሁ።»

ኮሚቴው ልጥፉን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ተሰበሰበ። ያቺን እንቁላል የምታህል ነጭ ጨርቅ ሲያዩ ሁሉም ጭንቅ ውስጥ ገቡ። ቢሮክራት ረሃብ አያስጨንቀውም፣ በሽታ አያስጨንቀውም፤ ባዶ ቦታ ግን ያስጨንቀዋል። ባዶ ወንበር ካየ ዘመዱን ያስቀምጥበታል፣ ባዶ መሬት ካየ አጥር ያጥርበታል። ባዶ ፊት ሲያይማ ምን ይሁን?

አንዱ «ሳይጨርሰው ነው» አለ። ሌላው «እጁ አንድ ስለሆነ ነው» አለ። ሦስተኛው፣ ከሁሉም ዘግይቶ የመጣና ዘግይቶ ለመምጣቱ አንድ ነገር ማድረግ የነበረበት ሰው፣ ብድግ ብሎ «የሠራዊቱ ፊት ጃንሆይ ናቸው!» አለ።

ከዚህ ዐረፍተ ነገር በኋላ ስብሰባ የለም። የሚቃወም ቢኖር እንኳ መቃወሙን ለሚስቱ አይነግርም። ግራዝማች አጨበጨቡ፤ የተቀሩትም ተከተሉ። ከግድግዳው ላይ የጃንሆይ ምስል ያለበት ባለ ቀለሙ ካሌንደር ወረደ። አሁን ግን ሌላ መከራ መጣ፤ መቀሱን ማን ይይዛል? በንጉሠ ነገሥቱ ምስል ዙሪያ ብረት ማዞር ምን ይባላል? ለረጅም ጊዜ ተከራክረው ሥራው «መቁረጥ» ሳይሆን «ዙሪያውን ማስተካከል» ተብሎ እንዲጠራ ወሰኑ። አንገት ላይ ማስተካከል ግን ማንም አልደፈረም። ስለዚህ ምስሉ እስከ ደረቱ፣ ከነኒሻኑ፣ እንዳለ ተተወ። ምስሉ ደግሞ ለበዓል የማይላቀቅ መሆን አለበት ተባለና ከአንድ ጫማ ሰፊ ማስቲሽ አስመጡ። በዱዓሌ አቡጀዲ ላይ ቀቡት፤ ለጠፉት፤ በመዳፋቸው ደጋግመው ተጫኑት። ሁለት ደረት ያለው አንድ ወታደር ተፈጠረ፤ የላይኛው ባለ ኒሻን፣ የታችኛው የተቀደደ ብርድ ልብስ። ሥዕል የማያውቁ ሰዎች የአገሪቱን እውነተኛ ሥዕል ሠሩ፤ ለዚህ እንኳ ሊመሰገኑ ይገባል።

የበዓሉ ዕለት ካሣ ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ባዶ እጅጌውን በመርፌ ቁልፍ አያይዞ ከኋላ ቆመ። ሳሕራ ከወተት ሻጭ ጓደኞቿ ጋር በር አጠገብ ተቀመጠች፤ አዲስ ሻሽ አስራለች። መጋረጃው ሲገለጥ አዳራሹ ብድግ አለ። ካሣም ቆሞ ነበርና የሚነሣበት ቦታ አጣ። ያየውን ነገር ለማመን አንድ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ። ከዚያ «ቆይ፣ ስሙ ይነበባል» ብሎ ራሱን አጽናና፤ ድሃ እስከ መጨረሻው ተስፋ ማድረጉ ነው የሚያሳዝነው።

ማይክራፎኑ ጮኸ፣ ተነፈሰ፣ ተናገረ። «‹አባት በሠራዊቱ መካከል› የተሰኘው ይህ ሥራ፣ በክቡር ግራዝማች ኃይለጊዮርጊስ አሳቢነትና መሪነት የተዘጋጀ ሲሆን…» ጭብጨባ። ንግግሩ ስለ ትጋት፣ ስለ ታማኝነት፣ ስለ አዳራሹ ጣሪያ እድሳት ጭምር ዞረና፣ «ለሥራው መሳካት የተባበሩትን ግለሰቦች ሁሉ እናመሰግናለን» ብሎ አበቃ። ዱዓሌ ከግለሰቦቹ መካከል ነበር። እዚያ ውስጥ ካልነበረ የትም አልነበረም።

ጭብጨባው ከመብረዱ ሳሕራ በሰዎች መካከል እየተጋፋች ፊት ድረስ መጣች። ቀና ብላ አየች። ከዚያ በዚያ የወተት ገበያ ድምፅዋ፣

«ካሣ! ይሄ ሰውዬ ማነው?»

ከፊት የተቀመጡት አንገታቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

«የልጄን ካፖርት የለበሰው ማነው? ልጄንስ የት አደረጋችሁት?»

አንድ ፖሊስ እርምጃ ጀመረ። ግራዝማች ግን ሳቁና «ተዋት፣ የገጠር ሴት ናት፣ አላወቀችም» አሉ። አለማወቋ ነፍሷን አዳነ። ካሣ ግራ እጁን በትከሻዋ ላይ አድርጎ እየመራ አወጣት።

በዓሉ ሲያልቅ ካሣ ግራዝማች ቤት ደጅ ጠና።

«እመልሳለሁ ብያለሁ፤ እመልሳለሁ» አሉ። «ቃሌ ቃል ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ… ፊቱ ተነሥቶ ቢሆን፣ ጌታዬ።»

«ምን አልክ?»

ካሣ ባዶ እጅጌውን አስተካከለ።

«ድገመዋ! የማን ፊት፣ ከየት ነው የሚነሣው?»

«ምንም አላልኩም።»

«ጀግና ነህና እኔም አልሰማሁህም።»

ቃላቸውንም ጠበቁ። ልጥፉ በሁለት ፖሊሶችና በአንድ ጡሩምባ ነፊ ታጅቦ ገንደ ቆሬ ገባ። ፖሊሶቹ የሳሕራን ቤት አዩና የትኛው ግድግዳ እንደሚከበር መከሩ። አንዱ ግድግዳ ባዶ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ምንጣፍም ከፊቱ ተነጥፏል። እሷ ፊቷን አዙራ የምትሰግድበት ግድግዳ ነበር። በአራት ሚስማር ቸነከሩት፣ ሰላምታ ሰጡት፣ ሄዱ።

ያን ቀን ሳሕራ ግቢ ወጥታ በፀሐይ ሰገደች። በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ እንዲሁ። ወተቷን ስትለካ ለማንም አታወራም። ጎረቤት መምጣት አቆመ፤ በዚያ ምስል ፊት እግር ዘርግቶ፣ ስለ ቀረጡ አማርሮ፣ ፖሊስን ቦጭቆ እንዴት ይወራል? የመከሯት ግን ብዙ ነበሩ።

«ጨርቅ ጣይበት» አለች አንዷ።

«ፊታቸውን ሸፈነች ይሏታል» አለች ሌላዋ።

«ወደ ግድግዳው ታዙረዋ!»

«ጀርባ ሰጠቻቸው ይሏታል።»

«አውርዳ ሣጥን ሥር ታድርገው።»

«መሬት ላይ ጣለቻቸው ነዋ! እናንተ ሴትዮዋን ልታሳስሯት ነው እንዴ?»

መስቀል አይቻል፣ ማውረድ አይቻል፣ መስጠት አይቻል። የሚቀበልም የለም። እናት በገዛ ልጇ መቃብር ላይ ዘበኛ ቆሞባት አታውቅም ነበር።

«ካሣ፣ አውጣልኝ» አለችው አንድ ቀን።

«ከቤት?»

«ከልጄ ላይ።»

ካሣ አሰበበት። የካሌንደር ሥዕል በድሬዳዋ ቤት ሁሉ የሚለጠፈው በዱቄት ሙጫ ነው፤ ትንሽ እርጥብ ጨርቅ ቢያሳርፉበት ጠርዙ ብቅ ይላል፣ ከዚያ በጥርስ ሳብ ማድረግ ነው። የራሱም ሙጫ ውሃ እንደማይወድ ያውቃል፤ እሱ ግን ፊቱ ላይ ብቻ ነው የሚያረጥበው፣ ዙሪያውን አይነካም። ስለ ማስቲሹ የነገረው ሰው አልነበረም። ጫማ ሰፊውን መጠየቅ ነበረበት፤ የቅርብ ጎረቤቱ ነው። ግን የገዛ ሥራውን ሌላ ሰው በጫማ ማጣበቂያ ያበላሸዋል ብሎ ማሰብ አልሆነለትም፤ ለጣፊ ሁሉ እንደሱ ለጣፊ መሰለው።

ዓርብ ቀን፣ ሰፈሩ ጁምዓ ሲወጣ ጀመሩ። ኢስሃቅ ለዚህ ሲል ጁምዓውን ትቶ በሩ ላይ ተቀመጠ፤ የፍራሽ ልብስ ጭኑ ላይ አነጠፈና የሚሰፋ መሰለ። «ሰው ከመጣ እዘፍናለሁ» አለ።

«አንተ ከዘፈንክ ሰው የሚመጣው ያን ጊዜ ነው» አለ ካሣ። ለመጨረሻ ጊዜ የቀለዱት ይኸው ነው።

ሳንቃውን ከሚስማሮቹ ነቅለው አልጋው ላይ አጋደሙት። ካሣ ጨርቅ ነክሮ በመዳፉ ጨመቀና ፊቱ ላይ አሳረፈ። ጠበቀ። ጠርዙን በጥፍሩ ሞከረ፤ አልተነሣም። ደግሞ ነከረ፣ ደግሞ አሳረፈ። ሳሕራ ከራስጌ ቆማለች። ሦስተኛውን ሲያሳርፍ እጁ ተቻኮለ፣ ጨርቁን በደንብ አልጨመቀውም። ውሃው ከኒሻኖቹ ሥር ሾልኮ ወረደ። መጀመሪያ በረዶው አበጠ። ቀጥሎ ሰማዩ ተንሸራተተ፤ ሰማያዊው ቀለም በኮረብታው ላይ ፈሰሰ። ካሣ በአንድ እጁ ኮረብታውን ሲይዝ ካፖርቱ ለቀቀ፣ ካፖርቱን ሲይዝ መቁጠሪያው ተፈታ፤ ዶቃዎቹ እየተንከባለሉ አልጋው ሥር ገቡ። ሁለተኛ እጅ ያስፈለገው ያን ጊዜ ነው። ሳሕራ የራሷን ሁለት እጆች ዘረጋች፤ ግን የቱን እንደምትይዝ አላወቀችም።

ከሳንቃው ሳይለቅ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ታጥቦ፣ አቧራው ለቆት፣ ከበፊቱ ይልቅ ጠርቶ ያበራል።

ሳሕራ አልጮኸችም። አልጋው ሥር ገብታ ዶቃዎቹን ለቀመች። ብርድ ልብሱን ጨመቀች፣ ቲኬቶቹን አንድ በአንድ ከሳንቃው ላይ አነሣች፣ ሁሉንም በሻሽዋ ቋጠረች። ከዚያ ዞር ዞር ብላ ፈለገች።

«ሸሚዙስ?»

ካሣ በአገጩ አመለከተ። አቡጀዲዋ ከምስሉ ሥር ነበረች፤ ከማስቲሹ ጋር አንድ ሆና።

«ሆዮ፣ እንደገና እሠራዋለሁ። ብርድ ልብሱ ግማሹ አለ፤ ቲኬት እለቅማለሁ…»

«አትሠራም።»

«ሆዮ…»

«ሁለት ጊዜ ወሰዳችሁት» አለች። «መጀመሪያ በባቡር፣ ሁለተኛ ለበዓል። ሁለቱንም ጊዜ እንመልሰዋለን አላችሁኝ። አሁን ይሄን ሰውዬህን ይዘህ ውጣልኝ።»

ካሣ «አላችሁኝ» ያለችውን ሰማ። ከእነማን ጋር አድርጋ እንደቆጠረችው ገባው፤ ኢስሃቅም ገባው፤ አንገቱን ደፍቶ ያልተሰፋውን ፍራሽ መስፋት ጀመረ።

ሳንቃው ከባድ ነበር፤ ውሃ ጠጥቷል። በአንድ እጅ ብብት ሥር አስገብቶ መሄድ ብቻ ነው የሚቻለው፣ እሱም ምስሉን ወደ ውጭ አድርጎ ነው፤ መሸፈኛ የሚይዝበት እጅ የለውም። ሰው ከጁምዓ እየተመለሰ ነበር። መንገድ ዳር የተቀመጡ ነጋዴዎች ሲያዩት አንድ ባንድ ተነሡ። ቆብ ያለው ቆቡን አወለቀ። ጫት የምትሸጥ ሴት መደቧን ከመንገዱ ሰበሰበችለት። ካሣ ዓይኑ እየፈሰሰ ሲያልፍ «እንዴት ይወዳቸዋል!» ያለ ሰው ነበር።

ደቻቱ ዳር ሲደርስ አንድ ፖሊስ አስቆመው። እጁን ለሰላምታ ወደ ቆቡ አነሣ፤ ለምስሉ ነው።

«ምን ሆኖ ነው የረጠበው?»

«አጥቤው ነው።»

«ጎበዝ» አለ ፖሊሱ። ከዚያ ፊቱን አጨማደደ። «አያያዝህ ግን የባለጌ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በብብት ይያዛል? በሁለት እጅህ ያዝ!»

«አንዱ ኮሪያ ነው» አለ ካሣ።

ፖሊሱ ከሳንቃው ጀርባ ያለውን ባዶ እጅጌ ጎንበስ ብሎ አየ። ትንሽ አሰበ።

«እሺ» አለ፤ «እንግዲያው ያለህን እጅ ከፍ አድርግ።»

ካሣ ሳንቃውን በብብቱ የያዘበትን እጅ ከፍ አደረገ።